ለሰፊው ጎማ አዲስ ታኮ

ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.
አዘዞ

ይድረስ ለአባዬ፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለው ትምህርት ቤት አስተምረውን ነበር፤ ላንተ ግን እንደዚያ ብዬ መጻፍ አፈርኩ። ነገ ከተለየኸን ዓመት ይሞላል። እስከ ዛሬ አንድም ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቼ አሁን የተነሣሁት የምነግርህ ነገር ስላለ ነው፤ እንዳትቀየመኝም ፈርቻለሁ። የማኪናህን ጎማዎች ቀይረናቸዋል።

ምነው አትበለኝ። ወባው ከወሰደህ ወዲህ ማኪናህ ከግቢው ጥግ፣ ከጌሾው ሥር ቆማ ነው የከረመችው። ክረምቱ ሲያልፍ አራቱም ጎማዎቿ ሟሽሸው መሬት ላይ ተኝታ ነበር። ቀይዋ ዶሮ ያንተን ወንበር ወዳ እንቁላሏን እዚያው ትጥል ጀመር። እናቴ አይታ ዝም አለቻት። "እሱስ ቢሆን መቼ ያባርራት ነበር" አለች።

ወንድምህ አያ ደምሌ ከጠዳ እየተመላለሰ ያያት ጀመር። ለዓመትህ እኔንና እናቴን ከአይከል ማዶ እስከ ተቀበርክበት ደብር በራስህ ማኪና ካልወሰድኩ ብሎ ተነሣ። ጎማ ግን ጠፋ። ጎንደር ፒያሳ ያለው ሜካኒክ አሮጌውን አገላብጦ አየና "ይህ እኮ የብስክሌት ነው፤ እንዲህ ያለውን ከጣሊያን ጊዜ ወዲህ ማን ያመጣዋል?" ብሎ ሳቀበት። በኋላ ግን ከአንድ የተገለበጠ አዲስ ማኪና የወጡ አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አገኘለትና እቤት ድረስ መጥቶ ገጠመልን።

ሲገጥም ቆሜ አየሁ። የአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ ከቡሎኖቹ ጋር አልገናኝ ስላለ በሞረድ አሰፋው። ጎማው ሰፊ ነውና መሪው ሲዞር የጭቃ መከላከያውን ፋቀው፤ ስለዚህ የብረቱን ጫፍ በመዶሻ እየመታ ወደ ላይ መለሰው። አንተ በጨርቅ ስትወለውለው የኖርከው ብረት ነው። ጆሮዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ስመለስ በአዲሶቹ ጎማዎች ቆማለች። እውነቱን ልንገርህ፣ የወታደር ጫማ ያጠለቀች ቀጭን አሮጊት መስላ ነበር። አሁን ዓይኔ ለምዷታል፤ ሸጋ ናት።

ታኮውን እንደማትረሳው አውቃለሁ። ፍሬኗ ዳገት ላይ አይታመንም እያልክ ከወይራ ጠርበህ የሠራህልኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአይከል ገበያተኛ ጭነን ስንሄድ፣ ዳገት ሲመጣ እኔ ወርጄ ታኮውን ታቅፌ በእግሬ እከተል ነበር። ማኪናዋ ሲደክማት በመስታወቱ ታየኝና አንድ ጣትህን ታነሣለህ። ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር አስገብቼ፣ ይዟል ለማለት ገላዋን በመዳፌ መታ መታ አደርጋለሁ። አንተም ፍሬኑን ትለቃለህ፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ እንነሣለን። ገበያተኞቹ "ይህች ልጅ አንደበት የላትም እንዴ?" ሲሉህ "ለእኔ ይሰማኛል" ትላቸው ነበር። ያንን ስትል ፊቴን ወደ ገደሉ የማዞረው ደስ ስለሚለኝ ነበር፤ ነግሬህ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ልንሞክራት ወደ ጎንደር በሚያወጣው ዳገት ሄድን። እናቴ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ታኮውን ታቅፌ ስመጣ አያ ደምሌ አየኝና "አንቺ፣ ማገዶ ልትሸጪ ነው? ይህ ጎማ መሬቱን ነክሶ ነው የሚይዘው" አለኝ። ከዳገቱ ግርጌ ወርጄ መከተል ግን አልተውኩም።

ግማሽ ላይ ሞተሩ ጠፋ። አያ ደምሌ የእጅ ፍሬኑን ሳበው፤ አልያዘም። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ታኮውን እንደ ልማዴ አስገባሁ። ግን አንተ የፈለፈልከው በቀጭኑ ጎማ ልክ ነበር። ሰፊው ጎማ ጠርዙን ረግጦ ገለበጠውና ታኮው ተስፈንጥሮ ከመንገድ ወጣ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አልያዘም ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። ሌላ ምልክት አልነበረኝምና ገላዋን በመዳፌ ደጋግሜ መታሁ። አያ ደምሌ ደግሞ የዚያን ትርጉም ከየት ይወቀው? ማኪናዋ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል ተደግፋ ቆመች። ማንም አልተጎዳም።

እናቴ ወርዳ ነጠላዋን አራገፈች። "ለዓመቱ ብዬ ልጄን ከጎማ ሥር አላስገባም። እዚሁ አዘዞ ጸሎት ይደረግለታል" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ምነው ልጄ፣ አትጮኺም?" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ በለሆሳስ ስለተናገረችኝ አለቀስኩ። ወደ መቃብርህ ሳንሄድ ልንቀር ነው ብዬ ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም።

በማግሥቱ አዲሱ ጎማ በግቢው አቧራ ላይ የተወውን ዱካ በስንዝሬ ለካሁ። ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያንተ ግማሹን ቢሆን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያን ቀጭን ዱካ ከበራችን ላይ ካየሁት፣ አባዬ ገብቷል ብዬ እሮጥ ነበር። አሁን ያን ዱካ የሚተው የለም።

አያ ደምሌ አሮጌዎቹን ጎማዎች ለበረባሶ ሠሪ ሊሰጣቸው ከበሩ ደርድሯቸው ነበር። አንዱን ለመንኩት። "ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። "ለታኮ" አልኩት። በዚህ ጊዜ አላሾፈብኝም፤ ራሱ በቢላዋ ቆርጦ ሰጠኝ። ከጓሮ የተረፈውን የወይራ ጉማጅ በመጥረቢያህ ጠረብኩት። እጄ ውኃ ቋጠረ። መካከሉን አንተ ታደርገው እንደነበረው እንደ ገንዳ ፈለፈልኩና፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማህን ቁራጭ በሚስማር መታሁበት። እንግዲህ ጎማህ ሁሉ በረባሶ አይሆንም፤ አብሮን ይሄዳል።

ትናንት አያ ደምሌ ፍሬኑን አስጠብቆ ያንኑ ዳገት ብቻውን ነዳት። እናቴ ከታች እጇን አጣምራ ቆማ ታይ ነበር። መካከል ላይ አቆማት፤ አዲሱን ታኮ አስገባሁ፤ ፍሬኑን ሲለቅ ማኪናዋ ታኮው ላይ ዐረፈችና ጸጥ አለች። እናቴ ቀድማን እቤት ገባች። በኋላ ለደብሩ የምትወስደውን ጧፍ ከቅርጫቱ ስታስቀምጥ "አንቺ ከኋላ ካለሽ እሄዳለሁ። ግን አፍሽን ከፍተሽ እንድሰማሽ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አያ ደምሌ ሲነዳ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም፣ መስታወቱንም አያይ። ጣት ስለ ማንሣቱ ነገርኩት፤ "እኔ ሾፌር ነኝ ወይስ መነኩሴ? በአፍሽ ንገሪኝ" አለኝ።

የድሮውን ታኮ ከመንገዱ ዳር ፈልጌ አመጣሁት። በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ከሥሩ አድርገነዋል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ አንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ መስታወቱ ውስጥ የነበረው ዓይንህ ከእኔ አይጠፋም።

ነገ በማለዳ እንነሣለን። ከደብሩ በታች ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ታውቀዋለህ፤ እዚያ ሳታርፍ ወጥታ አታውቅም። ስትደክም እወርዳለሁ፣ ታኮውን አስገባለሁ፣ እጄን ግን ገላዋ ላይ አላሳርፍም። "ይዟል!" ብዬ እጮኻለሁ፤ አያ ደምሌ እንዲሰማ፣ እናቴም እንድትሰማ። ከዚያ ዳገት እስከ መቃብርህ ሩቅ አይደለም። እስከ ዛሬ ሳልናገር ስትሰማኝ ኖረሃል፤ ነገ ተናግሬ ትሰማኛለህ።

ልጅህ ታንጉት