ሰይድ የሰጠኝ ድንጋይ

ሰኞ

ሰይድ አታለለኝ። የከበረ ድንጋይ ነው ብሎ የጠርሙስ ስባሪ ሰጠኝ። ሄርማታ ገበያ ውስጥ እሱ ጨርቅ ሲሸጥ፣ እኔ ቡና እየቀመስኩ ደረጃ ሳወጣ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ አይቆጨኝም ነበር።

ባለፈው አርብ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣው። ወሎ ያለው የእህቱ ልጅ ይማም በእጁ ቆፍሮ ያወጣው ኦፓል ነው አለ። "አዲስ ሙያ የጀመረ ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥም፣ እንካ" አለኝ። ስቀበለው ውስጡ ቀይና አረንጓዴ ይንቀለቀል ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬ ቡና መለየት ትቷል። ዓይኔ ግን ደህና ነው። በዓይኔ ልኑር ብዬ የድንጋይ ዕውቀት ስጀምር ያልሳቀብኝ የለም።

ትናንት አፈሩ እንዲለቅ ብዬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ቡናስ ታጥቦ አይደል የሚታየው? ዛሬ ጠዋት ሳወጣው ቀለሙ የለም። ጋዜጣ ላይ ባስቀምጠው ፊደሉ ወለል ብሎ ይነበባል። ተቀብቶ ነበር ማለት ነው።

ማክሰኞ

ከሰፈሬ ከመንደራ ቆጪ በባጃጅ ሄጄ ሱቁ ገባሁ። ሰይድ ከሊሙ ገነት ለመጡ ሴትዮ ጨርቅ ይለካል። ጎረቤቱ ወርቅ ሠሪው ዘነበ በሩ ላይ ቆሟል። ድንጋዩን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት።

"በእርጅናዬ ልትስቅብኝ ነው?" አልኩት። በቀደም "ምላስህ ቡናውን ሲረሳ ድንጋይ ልትልስ ነው?" ብሎ የቀለደው ከሆዴ አልወጣም።

አነሳው፣ ወደ ብርሃን አዞረው። "ወላሂ ስሰጥህ እንዲህ አልነበረም።"

"አዎ፣ አሁን ቀለሙ ታጥቧላ!"

ሴትዮዋ "ማሊ ኩኒ? ምንድነው ይሄ? ሽማግሌዎች በጠጠር ይጣላሉ እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሰይድ አልሳቀም። "እርግጠኛ ነህ ታደሰ?" አለኝ። እርግጠኛ ሳልሆን የተናገርኩበት ቀን ካለ ንገረኝ አልኩት። ድንጋዩን ለማስረጃ ይሁነኝ ብዬ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ የመስኮቱ ደፍ ላይ ጣል አድርጌው ተኛሁ።

ረቡዕ

ዘነበ ደወለ። "ጋሽ ታደሰ፣ የምፈልገው እንደ እርስዎ ያለ ዓይን ነው። ጓደኛዬ ነው ሳይሉ ቁርጡን ተናገሩ። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ዘንድ ይቀመጡ። ሰው ድንጋይ ይዞ ሲመጣ እርስዎ ያያሉ።"

ሥራ ያዝኩ! በዚህ ዕድሜ። የሚያስፈልገኝ፦ ማጉያ መነጽር (አለኝ)፣ መቆንጠጫ (አለኝ)፣ ነጭ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ መብራት። ኮቴን ልጄ ሰናይት ትተኩሰው።

ዘነበ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። "ጋሽ ሰይድ እኮ አምነውዎታል። ትናንት እንደወጡ ይማምን ደውለው ጮኹበት። 'ታደሰ ውሸት ነው ካለ ውሸት ነው። አሳፈርከኝ። ከእንግዲህ አጎት አለኝ እንዳትል' ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

እኔ የወነጀልኩት ሰይድን ነበር። እሱ እኔን አምኖ ልጁን ጣለ። ይማም እናቱ ከሞተች ወዲህ ከሰይድ ሌላ ዘመድ የለውም።

ይገባዋል አልኩ። ካታለለ ይገባዋል።

ሐሙስ

ድንጋዩ ነጥቷል። ወተት ውስጥ ገብቶ የወጣ ይመስላል። መስታወት እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እንዳላየ አለፍኩት።

ወፍራሙን የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ቀጠልኩ። ከአልማዝ ጀምሬ በተራ ነው የማነበው፤ ኦፓል ገና ሩቅ ነው። ሰናይት "እዚያው ገልጠው ቢያዩትስ?" ብትለኝ፣ መጽሐፍ ከመካከል አይነበብም ብያታለሁ።

ቅዳሜ

ሰናይት መስኮቱን ስትወለውል "አባባ፣ የጠርሙስ ስባሪ ያሉት ይሄን ነው እንዴ?" አለች። መዳፏ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ። ልክ ሰይድ እንደሰጠኝ ቀን። መነጽርም አላስፈለገኝ።

ተራዬን ጥሼ መጽሐፉን ኦፓል ላይ ገለጥኩት። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩ። ከወሎ የሚወጣው ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይሰወርና መስታወት ይመስላል። ሲደርቅ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ይመለሳል። ውኃ ውስጥ አይከተት ይላል። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ሰኞ ዕለት ባነበው ኖሮ።

ስንት ቡና ቀማሽ አስተምሬአለሁ። ሲኒውን በትኩሱ ቅመሱ፣ ለብ ሲል ቅመሱ፣ ሲቀዘቅዝም ቅመሱ፣ ከዚያ ፍረዱ እል ነበር። በትኩሱ የሚፈርድ ካየሁ ማንኪያውን ከእጁ እቀማለሁ። የእኔን ማን ይቀማኝ?

ሰናይት "አሁኑኑ ይደውሉላቸው" አለችኝ። የተናገርኩት ሰው ፊት ነው፤ የምመልሰውም ሰው ፊት ነው። ሰኞ ዘነበም ይኖራል።

እሑድ

ቅዳሴውን ቆሜ ጨረስኩ። የሰማሁት ነገር የለም።

ድንጋዩን መልሼ ውኃ ውስጥ ብከተው ከሰናይት በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ይህን ማሰቤን እጽፋለሁ፣ አስቤዋለሁና። የዘነበ ወንበር የተሰጠኝ በዚያ ስህተት ነው። ኮቱ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

ሰኞ

ኮቱን ለብሼ ሄድኩ። ዘነበን "ና፣ አብረን እንግባ" አልኩት። ሥራውን የምጀምር መስሎት ፈገግ ብሎ ተከተለኝ። ድንጋዩን ሰይድ ፊት አስቀመጥኩ። "ኦፓል ነው። እውነተኛ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይማም አልዋሸም" አልኩ። ውኃ ሲጠጣ ቀለሙ እንደሚሰወር አስረዳሁ።

ዘነበ አንገቱን አከከ። "እንግዲያው ጋሼ... ለጊዜው መጽሐፉን ይጨርሱና እንነጋገር።" ልክ ነው። እኔም ብሆን እኔን አላስቀምጥም።

ሰይድ ድንጋዩን አላየውም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። አልተነሳም። ቁጥሩን ስጠኝ ብዬ በእኔ ስልክ ደወልኩ፤ የማያውቀው ቁጥር ስለሆነ አነሳ። ሰይድም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳጠፋሁ ነገርኩት። 

"ድንጋዩን በእጄ ነው የቆፈርኩት ብዬው ነበር" አለ። "በእናቴ መቃብር ምዬለት ነበር። እርስዎን አመነ።" ስልኩ ተዘጋ።

ሰይድ ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። አንድ ጣቃ አጥፎ እንደገና ፈታው። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። "ተወው። ልጄን የሰደበው ያንተ አፍ አይደለም፣ የእኔ ነው። ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።"

ድንጋዩን ለይማም መልስለት ስለው "ይምጣና ራሱ ይውሰድ" አለኝ። ባንኮኒው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ማክሰኞ

በሱቁ ሳልፍ ሰይድ "ግባ" አለኝ። ሻይ አስመጣ። ዘንድሮ ዝናቡ ያለጊዜው መምጣቱን፣ የተሰጣው ቡና መበላሸቱን አወራን። ስልኩ ጮኸ፤ ሁለታችንም ዞርን። ደንበኛ ነው። ይማም እስካሁን አልደወለም።

ስወጣ ዘነበ "ድንጋዩስ ጋሼ፣ ከምን ደረሰ?" አለኝ። አልመለስኩለትም። ሰናይት ቤት ጠየቀችኝ። ለእሷም አልመለስኩም። ይማም ደወለም አልደወለም፣ ሰይድ አታንሳብኝ ብሏል፤ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ስለዚህ ነገር ከአፌ አንድ ቃል አይወጣም። እዚህም ሁለተኛ አልጽፈውም።