የአሮጊቷ የፊት ጎማዎች

ሰኔ ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፪፣ ደብረ ታቦር

ዝናብ። ጠዋት ከወንዝ ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ እንጨት ወደ ጣልያኖቹ ምሽግ ሳመላልስ ዋልኩ። አሮጊቷ ሁለት ጊዜ አቃሰተች እንጂ አልቆመችም። አሮጊቷ የምላት መኪናዬን ነው... የእነሱን መኪና። መድፍ ጎታች ናት፤ አራቱም እግሯ በሞተር የሚገፋ። ሌሎቹን ጭቃ ሲውጣቸው እሷ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ግን አርጅታለች። ዛሬ ከሆዷ ስር ገብቼ ብረቱን በጣቴ ብነካው ተፈርፍሮ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዝገት ጨረሳት።

ትናንት የሚካኤል ማኅበር ነበር። እናቴ ካለፈች ወዲህ በእሷ ቦታ ጽዋ የምጠጣው እኔ ነኝ። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። በቀኜ ግድግዳ፣ በግራዬ ባዶ መደብ። እንዴት ሰነበትክ ያለኝ የለም። የጣልያን ሹፌር ነኛ! በሌለሁበትማ ባንዳ እንደሚሉኝ አላጣሁትም።

ኅዳር ሚካኤል የእኔ ተራ ነው። ብደግስ ይመጡ ይሆን?

ሰኔ ፳፪

ከሲኞር ኒኖ ጋር ስንሠራ ዋልን። መካኒካችን ነው፣ ጣልያን፣ ጸጉሩ የሸበተ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሳያፍር በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። እሱም «አስረስ» ማለት አቅቶት «አሳሬስ» ይለኛል። ይሁን።

«ባሕሩ ተዘጋ» አለኝ። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገብተዋል። ጎማ አይመጣም፣ ቀለም አይመጣም፣ የብረት ቅባቱ ግራሶም አይመጣም። «ዝገቱንስ በምን እንያዘው?» ስለው ትከሻውን ሰበቀ።

በምን እንያዘው?... እስኪ አስብበታለሁ።

ሐምሌ ፮

ትናንት የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ሰፈሩ ሁሉ አርዷል። ለእኔ ቅምሻ የላከልኝ የለም። እኔው ራሴ ጎረቤቴ ጠላ ሻጯ እት አበራሽ ዘንድ ሄጄ ሞራ ለመንኩ።

«ለምንህ ነው?»

«ለመኪናዋ።»

«ውይ! ሰው ሞራ ለመብራት ይፈልጋል፣ አንተ ብረት ልትቀባበት?»

ሰጠችኝ ግን። እሷ ከሰው ፊት አታናግረኝም እንጂ ክፉ አይደለችም።

አባቴ ማረሻውን ሞራ ቀብቶ ነበር የሚሰቅለው፤ ዝገት ዝር አይልበትም። ለማረሻ የበጀ ለመኪና አይበጅም? አቅልጬ ሆዷን፣ መገጣጠሚያዋን፣ የእግሯን ብረት ሁሉ ቀባሁት። አብረቀረቀች። ሲኞር ኒኖ አሽትቶ በሳቅ ሞተ። «ዛሬ ጥብስ ጥብስ ትላለች!» ደስ ብሎኝ ገባሁ። በክረምቱ ደስ ያለኝ ቀን ቢኖር ዛሬ ነው።

ሐምሌ ፯

ጅብ!

ሞራው ጎማው ላይ ወርዶ ኖሯል። የፊት ግራ ጎማዋን ዘልዝሎ ዘልዝሎ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ እንደ አንጀት ጎትቶ ትቶታል። ዘበኛው «ምንም አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ውሻው ግን እኔ ስደርስ እንዴት እንደሚጮህ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አባቴ ማረሻውን ጣሪያ ስር እንደሚሰቅለው ረስቼ። እኔ መኪና የት ልሰቅል ነበር?

ሳቄ መጣ። ቀና ብዬ አየሁ፣ የማወራው ሰው የለም። ይህን የመሰለ ወሬ ይዞ ብቻውን የሚስቅ ማነው? ሳቄ እዚያው ቀረ።

ሐምሌ ፱

ሲኞር ኒኖ አልተቆጣኝም። ለምሽጉ አዛዥ ለካፒታኖው «ጎማው በድንጋይ ፈነዳ» አለልኝ። የሞራውን ነገር ቢነግርብኝ ኖሮ ጀርባዬ ይገረፍ ነበር። ስለ እኔ ዋሸልኝ።

ተሰብሮ ከቆመው ትልቁ ካሚዮን ሁለት ጎማ አውጥተን ከፊት ገጠምን። ልኳ አይደሉም፣ ትላልቅ ናቸው። አሁን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንሥታ ባል እንዳገባች ጋለሞታ ኮርታለች።

ከዚያ አስቀምጦ አስረዳኝ። በእኔ አማርኛ ልጻፈው፣ እንዳልረሳው። የፊቱ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ መሬት ይሄዳል፣ የኋላው ትንሽ። የሚያዞራቸው ግን አንድ ሞተር ነው። ስለዚህ ይጣላሉ። ጭቃ ላይ ግድ የለም፣ ጎማው እየተንሸራተተ ጠቡ ይበርዳል። መሬት ሲደርቅ ግን መንሸራተቻ የለም፤ ጠቡ ወደ ውስጥ ይገባና የማርሿን ጥርስ ያረግፋል።

«መሬት ሲደርቅ ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ፍታ። በኋላ እግሯ ብቻ ትሂድ። መድፍ አታስጎትታት። ገባህ አሳሬስ?»

ገባኝ። ረጅምና አጭር በሬ ጠምዶ እንደ ማረስ ነው። ቀንበሩ ይሰበራል።

ነሐሴ ፲፫

ትናንት ከማኅበሩ ሲወጡ ጠብቄ አያ ሞላን ተከተልኳቸው። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን እሳቸው ናቸው። የእናቴ ወዳጅ ነበሩ።

«አያ፣ ኅዳር ላይ ተራዬ ነው። ይመጡልኛል?»

«ከዚያ ብረት ውረድ፣ እንመጣለን።»

«ብወርድ ይለቁኛል? ሹፌር ጥሎ ከሄደ ጫካ ገባ ብለው ነው የሚይዙት።»

«እኔ ምን ልበልህ ልጄ? ያ ብረት መድፍ ነው የሚጎትት። መድፉ ደግሞ ማንን እንደሚፈጅ ታውቃለህ።»

«ዘንድሮ ውሃና እንጨት ብቻ ነው አያ።»

«ዘንድሮ» አሉና ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ግን... እኔስ ሰው አይደለሁም? ያለ ሰው እንዴት ይኖራል?

መስከረም ፳

ሲኞር ኒኖ ወደ ጎንደር ተዛወረ። ጠዋት መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰጠኝ። ከዚያ አሮጊቷን በመዳፉ መታ መታ አደረጋትና «አዴራ» አለኝ። ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«አደራዎን እጠብቃለሁ» አልኩት። አንቱ አልኩት፤ አልገባውም መሰለኝ። አቀፈኝ፣ ሄደ።

ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ዋልኩ። ጠላት ነው እኮ። ጠላት ሲሄድ እንባ ምንድነው?

መስከረም ፳፰

መሬቱ ደረቀ። እንደ ቃሌ የፊቱን ዘንግ ፈታሁ። ከመቀመጫዬ ስር አኖርኩት።

ጥቅምት ፲፪

ዛሬ ጽዋውን ለእኔ ማስረከብ ነበረባቸው። እኔን ዘለው ከእኔ ቀጥሎ ላለው ለዘውዱ ሰጡት።  

ጥቅምት ፳፫

ካፒታኖው ጠራኝ። ነገ መድፍ አለ፣ ወደ ሐሙሲት። አርበኞች ያስጠጉ መንደሮች አሉ አሉት፤ «እናስተምራቸዋለን» ይላል። ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ነው አሁን። የአያ ሞላ ልጅ ፈንታነሽ የተዳረችው እዚያ ነው። ልጅ ሳለን አብረን ውሃ ተራጭተናል።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አያትና «የፊቷ ለምን አይገፋም?» አለ።

ልነግረው እችል ነበር። ጎማው አይመጥንም፣ መሬቱ ደርቋል፣ ሲኞር ኒኖ ከልክሎኛል... ብነግረው የአገሩን ሁሉ ካሚዮን አገላብጦ ልኳ የሆነ ጎማ ያስመጣ ነበር። ያገኝም ነበር።

«ዘንጉ ተፈትቶ ነው ጌታዬ። እገጥመዋለሁ።»

«ግጠም።»

ገጠምኩ። ብሎኑን ሳጠብቅ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ብረት ናት፣ አውቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ያዋየኋት እሷን ነው እኮ። አደራ በላሁ። ለብረት አዝኜ ሰው ላስፈጅ ነው?

ጥቅምት ፳፬

ከከተማው ብዙም አልራቅንም። መሬቱ ድንጋይ ነው። መሪው ከበደኝ፣ ከዚያ ጭራሽ አልዞር አለኝ። ከሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ጥርሷ ሲረግፍ ከመቀመጫዬ ስር ተሰማኝ። ቆመች። ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም።

ካፒታኖው ወርዶ ዞራት። ዓይኑ ጎማዎቹ ላይ አረፈ። ያኛው ትንሽ፣ ይኸኛው ትልቅ። ዕውር እንኳ ዳስሶ ያውቀዋል። ሽጉጡን አወጣ።

«እነዚህን ማነው የገጠመ?»

እኔ ልል ነበር። እኔ አልልም ነበር። አላውቅም... ሽጉጡን ሳየው «ሲኞር ኒኖ» አልኩ።

እውነት ነው እኮ። እሱ ነው የገጠማቸው። አንድም ውሸት አልወጣኝም። እሱ ስለ እኔ ዋሽቶ ነበር፤ እኔ በእውነት ሸጥኩት።

ስሙን ጻፈ። እኔን ረገጠኝና «ጥፋ ከፊቴ» አለኝ። ወታደሮቹ መድፉን እየገፉ ወደ ምሽጉ መለሱት። እኔ በእግሬ ገባሁ።

ኅዳር ፪

ሥራ የለኝም። አሮጊቷን ጎትተው ከጋራዡ አጥር ጀርባ ጥለዋታል። በዚያ በኩል አላልፍም።

አያ ሞላ መጡ። ቤቴ! ዘንጋቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ጽዋውን ከዘውዱ ተቀብለው ይዘውልኝ መጥተዋል።

«ወረድክ አይደል?»

«ወረድኩ አያ።»

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በል ጥንስስህን ጣል። እንመጣለን።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? እኔ ነኝ የሰበርኳት ብል ወሬው እግር አውጥቶ ካፒታኖው ጆሮ ይደርሳል፣ እሰቀላለሁ። ደግሞ ያንን ከነገርኩ ይህንንም መንገር ይመጣል... የማንን ስም እንደጠራሁ።

ጽዋውን ተቀበልኩ።

ኅዳር ፰

እት አበራሽ ጠላውን እየጠመቀችልኝ ነው። አሁን ከሰው ፊትም ታናግረኛለች።

ከጎንደር የመጣ ሹፌር ይርጋ እሷ ዘንድ ጠላ ሊጠጣ ገብቶ አወራኝ። ሲኞር ኒኖን አስረውታል። መኪና ሆን ብሎ አበላሸ ብለው ሊፈርዱበት ነው። ይረሽኑታል የሚሉም አሉ፣ ማዕረጉን ገፈው ወደ ጦር ግንባር ይልኩታል የሚሉም አሉ።

«እሱ ምን ይላል?»

«ጎማውን እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ሹፌሩ የነገርኩትን ነው የሠራ አለ አሉ። ሹፌሩ አንተ ነበርክ እንዴ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ዕድለኛ ነህ» አለኝ።

ኅዳር ፲፪

ሁሉም መጡ። አንድ የቀረ የለም። መደቡ አልበቃ ብሎ ደጅ ሳር ጎዘጎዝኩ። በግራዬ ዘውዱ፣ በቀኜ አያ ሞላ። ዳቦው ሲቆረስ እጄን ይዘው «እናትህ ባየች» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ደስታ ነው፣ አልዋሽም። ስንት ጊዜ ነው ይህን ቀን በሐሳቤ ያየሁት!

ከዚያ የመድፉ ነገር ተነሣ። ዘውዱ ቆሞ አወራ፣ እንዳየ ሰው። ሚካኤል በሰይፉ ብረቱን ወገቡ ላይ መታው አለ። አያ ሞላ ፈንታነሽ ደህና መሆኗን፣ መድፉ በቀረበት ጊዜ ሰዉ እህሉንና ልጆቹን ይዞ ቆላ መውረዱን ተናገሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ከላዩ ነበርክ። ምን አየህ?»

ሰው እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም።

«ድንገት ቆመች አያ። ሌላ አላየሁም።»

«አያችሁ!» አሉ። «ባለቤቱ ራሱ መሰከረ!»

ተነሥተን ቆምን። አያ ሞላ ምስጋናውን አደረሱ፣ ቤቱን መረቁ፣ እኔን መረቁ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው «ያንን ብረት ያበጀ፣ የጠገነ፣ ጎማ የገጠመለትን ሁሉ፣ ሚካኤል እጁን ይስበረው» አሉ።

ቤቱ ሙሉ «አሜን» አለ። ዘውዱ በጎን አየኝ፤ አፌ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

እኔም አሜን አልኩ።