ጉልበቱ አራት የወጣለት ጎበዜ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ከቀኑ 10 ሰዓት።

መብራት ዛሬም የለም። ሁለቱ አሁን ወጡ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የለውዝ ቅርፊት ትተው። የልጅ ልጄ ረድኤት ልትሸኛቸው ወርዳለች።

ቢኒያምና ማርታ ይባላሉ። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት የጨረሱ። ሥራ የላቸውም፤ ጨዋታ ግን አላቸው። ወንደላጤ ቤት መሄድ የለም፣ ከተጫወታችሁ ዓይኔ ሥር ብያቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኔን ይይዛሉ። እያንዳንዱ አንድ ሰው በሐሳቡ ይፈጥራል። ቢኒያም ተረቱን ይመራል። ሰይፍ መሰንዘሩም፣ ገደል መዝለሉም በዳይስ፣ ቁጥር ያለበት ጠጠር ተወርውሮ፣ ይወሰናል። የጅል ሥራ።

አራተኛቸው ሐዋሳ ሥራ አገኘ። ማርታ ለቀልድ፣ አባባ ለምን አይገቡም አለች። ገባሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ አንተ ደብተር። ገደብ ከተማ የመምህርነት ሥራ አግኝታ አይሆንም ካልኳት ወዲህ ረድኤት ከ«እሺ» ሌላ ቃል አልወጣትም። ት/ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቃታል። ይጠብቅ። ዲላ ት/ቤት የጠፋ ይመስል። ግን «እሺ» ብቻ የሚሰማበት ቤትም ቤት አይደለም።

ሦስት ዳይስ ወረወርኩ። ጉልበት አራት። አእምሮ አምስት። ለተራ ሰው አሥር ነው አሉ። ግርማ ሞገስ ሦስት፤ ከዚያ በታች የለም። ማርታ፣ ግርማ ሞገሱስ ልክ ነው አለች። ባለጌ።

ይድገሙት፣ ይፈቀዳል አሉኝ። እምቢ። የዕቁብ ዳኛ ሆኜ ስንት ዓመት ዕጣ አስወጥቻለሁ። ለልጁ ሠርግ የቸኮለ ሰው ሳይደርሰው ሲቀር አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል እንጂ የወጣ ወረቀት ተመልሶ ጣሳ ውስጥ አይገባም።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ዕቁብ አይደለም!» አለች ረድኤት።

ዕጣ ዕጣ ነው አልኳት። ስሙን ጎበዜ አልኩት። ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። ማታ 12 ሰዓት።

ጠብ። በዋሻው ግድግዳ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ጎበዜ ያንብበው አልኩ። አእምሮው አምስት የሆነ ማንበብ አይችልም አለ ቢኒያም። ይማራል አልኩ። አይማርም አለ።

እኔ ፊደል የለየሁት እዚሁ ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ፣ የቡና መፈልፈያ ሞተር ስጠብቅ፣ ከጆንያ ጽሑፍ ላይ ነው። ማን አስተማረኝ? ማንም።

«ፋዘር፣ ሕጉ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።»

ፋዘርህ ቤትህ ነው ያለው አልኩት።

ሌላም አለ። የማርታዋ ሴት ጠንቋይ ናት። ሰኞ ጾም ይገባል፤ በሁዳዴ በዚህ ቤት ጥንቆላ የለም አልኩ። ተነጫነጨች። ሐኪም አደረገቻት። ረድኤት ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ታያለች። ሳቋን መያዟ ነው። ሄደው ጠረጴዛውን ስታጸዳ፣ ጎበዜ ሲሮጥ ያነክሳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያነክሳል አልኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18።

ስልክ ተደወለላት። ጓሮ ዘይቱኑ ዛፍ ሥር ሄዳ አወራች። ማነው ስላት የገደቡ ርእሰ መምህር። ምን አለ ስላት ምንም። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ጨርሼ በላሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22። ከቀኑ 11 ሰዓት።

አንድ ነገር አልገባኝም። የረድኤት ጦረኛ፣ ጉልበቷ አሥራ ሰባት፣ ቆሰለች። የማርታ ሐኪም ቆሰለች። ጎበዜን የሚነካው የለም። ቀስት አያገኘውም። ድልድይ ተሰብሮ ሐረግ ላይ ይንጠለጠላል። በየትኛው ክንዱ? በአራት ጉልበት?

ማርታ፣ ጎበዜ ክታብ አስሯል አለች። ሁሉም ሳቁ፤ ቢኒያም አልሳቀም። እሱ የጭራቆቹን ዳይስ ከካርቶን ጀርባ ነው የሚወረውረው። እንቆቅልሹ እንዳይገለጥ ነው ይላል።

ዕጣ በካርቶን ጀርባ ወጥቶ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል።

አባረርኳቸው።

ጭራቁ በጎበዜ ላይ ተነሣ። ቢኒያም ወረወረ፤ ሳተው አለ። ውኃ ልጠጣ የተነሣሁ መስዬ ካርቶኑን አነሣሁት። ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀምጧል። በእነሱ ሕግ አሥራ ዘጠኝ ጎበዜን አይደለም ግንብ ይመታል።

ከመቼ ጀምሮ አልኩ። ቢኒያም ረድኤትን አየ። ሳተው በል ብላ የለመነችው እሷ ኖራለች። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ። አባባ እንዳይከፋው ብላ።

እኔ እንዳይከፋኝ! በጉልበቴ የቡና ሞተር የገለበጥኩ ሰው!

ሌላስ ምን ሸሸግሽኝ አልኳት። ማርታ አልቻለችም፤ አፈነዳችው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ለርእሰ መምህሩ አልመጣም ብላዋለች።

እኔ ስለከለከልኩ ነው? አልኩ።

«እንዴ አባባ፣ በመከልከልዎማ ትናደድ ነበር። ብቻዎን አይሆኑም ብላ ነው። ደረጃው ላይ ሁለቴ ወድቀዋል።»

ሁለቴም ያየኝ የለም ብዬ ነበር።

በግልጽ ወርውር አልኩት ቢኒያምን። ይተዉት፣ ይቅር አለ። ወርውር። ጠረጴዛው መሐል ወረወረ። አሥራ ስድስት፤ ጎበዜ ሞተ። ከጎበዜ ወረቀት ላይ ስሙን በራሴ እጅ ሰረዝኩ። ረድኤት ለሌለ ሰው አለቀሰች። ውጡ አልኳቸው። እሷንም ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ፣ የካቲት 30። ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

እንቅልፍ አልነበረም። ሐሳቤ አንድ ነው። እንዳይከፋኝ ብላ ዳይስ የምታስሸሽግ ልጅ፣ እንዳልወድቅ ብላ ዕድሜዋን እዚህ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትጨርሳለች። ያም በእኔ ስም። አልፈቅድም።

ከቅጥሩ ወረቀት ላይ ቁጥሩን አይቼ ርእሰ መምህሩን ደወልኩለት። በሰንበት ብሎ ተገረመ። ቦታው ለሌላ አልተሰጠም። ነገ ትገባለች አልኩት። እሷን አላስፈቀድኩም።

ጮኸች። ማን ሰጠህ መብቱን አለች፤ አንተ ብላ። በዕድሜዋ አንተ ብላኝ አታውቅም። አልተቆጣሁም። ጉልበት አላት። እዚያ ያስፈልጋታል።

ማርታ እየመጣች ትይህ አለች። እምቢ። ቢኒያምስ። እምቢ። ብትወድቅ ማን ያነሣሃል አለች። ከወደቅኩበት እነሣለሁ፣ ካልተነሣሁም የወጣ ወጣ አልኳት። በሩን ወርውራ ገባች። አሁን ልብስ ስታጥፍ ይሰማኛል፤ እየተሳደበች ነው የምታጥፈው።

ተወስኗል። ነገ በማለዳ ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ የምይዘው እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ሲሞላ እመርቃታለሁ፤ ሰው ፊት፣ በግልጽ። ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ይህ ቤት «እሺ» የሚል ሰው እንኳ አይኖረውም።