ለመህሬ የመረጥኩት ኮምፒዩተር

ውድ ለተማርያም፣

ሰላምታዬ ከባምባሲ ተነሥቶ ቡለን ድረስ ይድረስሽ። በሠርጌ ቀን ተረኛ ነርስ ሆነሽ በመቅረትሽ አኩርፌሽ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። የምጽፍልሽ ወሬው ቀድሞኝ እንደደረሰሽ ስለሰማሁ ነው። «ዐዋጢፍ ኮምፒዩተር አገባች» አሉሽ አይደል? ውሸት ነው። ያገባሁት ሐመድን ነው። ኮምፒዩተሩ መህሬ ነው።

እናንተ ዘንድ ስለሌለ ልንገርሽ፦ መህር ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጣት፣ አባትም ባልም የማይነካባት የራሷ ሀብት ነው። ብዙ ጊዜ ወርቅ ነው። የሐመድ ሽማግሌዎች አሶሳ ቤታችን መጥተው «ልጅቷ ምን ትሻለች?» ሲሉ፣ አባቴ ጓዳ ገብቶ ጠየቀኝ።

«ኮምፒዩተር» አልኩት። «ከባድ ጌም የሚችል፣ ጠንካራ ኮምፒዩተር። ዕቃውን አንድ በአንድ የምመርጠው ደግሞ እኔ ነኝ።»

አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ሲደነግጥ ድምፁ ይቀንሳል። «ልጄ፣ ወርቅ የክፉ ቀን ነው። ሰውየው አንድ ቀን ቢከፋብሽ ማሽን ተሸክመሽ የት ትሄጃለሽ?»

ይህን ሲለኝ አልሳቅሁም፣ ለቴ። ፈርቶልኝ ነው። «አባ፣ ወርቁ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ግን እጫወትበታለሁ፤ ጌምም እሠራበታለሁ። በቋንቋችን በበርታኛ የሚናገር ጌም አይተህ ታውቃለህ?»

«በምንም ቋንቋ የሚናገር ጌም አይቼ አላውቅም» ብሎኝ ወጣ። ለሽማግሌዎቹ እንዴት አድርጎ እንዳስረዳቸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ብቻ አንደኛው «ምነው፣ ቢሮ ልትከፍት ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ሐመድ ግን «ከወደደችው እሺ» ብሎ ላከ።

ጌም ቤት ገብተን ወንዶቹን ስናሸንፍ ትዝ ይልሻል? ምስሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ማሽኑ እየጋለ፣ ልናሸንፍ ስንል ድርቅ ይላል። ያን ጊዜ የተቃጠልኩትን ያህል ተጠንቅቄ ነው አሁን የመረጥኩት። ሐመድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባምባሲ እየመጣ ማንጎው ሥር እንቀመጣለን፤ እኅቴ ሳና መሀላችን። እኔ ከግራፊክስ ካርዱ ጀመርኩ፣ ምስሉን የሚሠራው እሱ ነውና። ከዚያ እሱን የማያስጠብቅ ፕሮሰሰር። ከዚያ መብራታችን ደርሶ መልስ ስለሆነ የማያወላዳ ፓወር ሰፕላይ። ሐመድ ማንጎ ነጋዴ ነው፤ ሁሉን በልጣጩ ነው የሚያየው።

«የኮምፒዩተሩ ሳጥን መስታወት ያለው፣ ውስጡ መብራት የሚያበራው ይሻላል» ይለኛል።

«ሐመድ፣ አሶሳ ነን። መጋቢት ላይ ሰውም ፋን ያስፈልገዋል። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ነው የምወስደው፣ አየር ይግባበት።»

«ጥቁር እኮ ነው። ድስት ነው የሚመስለው።»

«ድስት ይምሰል፣ አይቀቀል እንጂ!»

ሳና በሳቅ ወደ ኋላዋ ተገለበጠች።

ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ። እስከዚያ ድረስ ሐመድን ደህና ሰው ነው ብዬ እሺ አልኩ እንጂ ወድጄው አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣና ለሳና ማስረዳት ጀመረ፦ «ግራፊክስ ካርዱ ሠዓሊ ነው። ፕሮሰሰሩ አለቃ ነው። ራሙ ጠረጴዛቸው ነው።» ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠናው እንደሰነበተ ፊቱ ላይ ይታያል። ፈገግታዬን እንዳያይ ማንጎ የምቆጥር መስዬ ቀና አልኩ። የማንጎ ወቅት እንዳልነበረ ሳና ናት ያስታወሰችኝ።

ዕቃው በአጎቱ ልጅ እጅ ከአዲስ አበባ የደረሰው በኒካሁ፣ ጋብቻው በሚታሰርበት ዕለት ጠዋት ነው። ሂና ያሞቀችኝ ሴት እየጮኸችብኝ ካርቶኑን ከፈትኩ። ግራፊክስ ካርዱ የመረጥኩት ነው። ፕሮሰሰሩም እሱ ነው። ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርድ ግን በረዶ የመሰለ ነጭ! እኔ እንዲህ ያለ አልመረጥኩም። ፕሮሰሰሩን ጠጋ አድርጌ ባየው መቀመጫው ለሌላ ዓይነት የተሠራ ነው፤ በጭራሽ አይገጥምም።

ሐመድን በሳና አስጠየቅሁት። ተመልሳ መጣች፦ «ነጩ ያምራል ብሎ ነው። ሊያስደስትሽ። አሁን ላብ አጥምቆታል።»

ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ አብዱልረሂም «መህሩ ተሟልቷል?» ብለው አባቴን ጠየቁት። አባቴ ነገሩን ከሳና ሰምቷል፤ መዋሸት ደግሞ አይችልም። «ተሟልቷል፣ ሼህ» አለ፤ «ግን አይገጥምም።»

ሳና እየሮጠች ጓዳ ገባች፦ «ሼሁ ጠይቂያት አሉኝ። የቀረው በኋላ ይምጣ ካልሽ ይፈጸማል፣ አልፈልግም ካልሽ ኒካሁ ይቆያል። መብቱ የእሷ ነው አሉ።»

ለቴ፣ ያቺን ደቂቃ ብታዪኝ። እጄ በሂና ታስሮ፣ ጉልበቴ ላይ የማይገጥም ማዘርቦርድ። መናደድ ፈለግሁ፤ ግን ያ ሰውዬ ሠዓሊው፣ አለቃው፣ ጠረጴዛቸው እያለ ሲያጠና ታየኝ። «ተቀብያለሁ በያቸው» አልኳት። «ማዘርቦርዱ ግን የመረጥኩት ይምጣ። ነጩን ግድግዳ ላይ ይስቀለው።»

ሳና ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረችው። መጀመሪያ የሳቁት ሼሁ ናቸው። ሐመድ ከመቀመጫው ተነሥቶ «በሰው ፊት ቃሌ ነው፣ አመጣለሁ!» ሲል ድምፁ ጓዳ ድረስ ተሰማኝ። እልልታው ቀለጠ።

ቃሉንም ጠበቀ። እዚህ ባምባሲ፣ ቤታችን ወለል ላይ ተቀምጠን አብረን ገጣጠምነው። እኔ ብሎኑን ሳጠብቅ እሱ ትንፋሹን ይዞ ባትሪ ያበራልኛል። ስክሪኑ ቦግ ሲል ሁለታችንም ጮኽን፤ ጎረቤት እሳት መስሏቸው መጡ።

ባለፈው እሑድ አባቴ ሊጠይቀን መጣ። መህሬን ሊያይ እንደሆነ ገብቶኛል። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም ከፈትኩለት። መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ ቀስ እያለ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ተራራውን፣ ድልድዩን እያየ «ሱብሐነላህ» ይላል። ድንገት አንዲት ላም መንገድ ገባችና ገጫት። አባቴ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ፤ እጁንም ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

«አባ፣ ቀጥል እንጂ፣ ጌም ነው» አልኩት።

«ገጭቼ አልሮጥም» አለኝ። «ባለቤቷ ይምጣ።»

ሐመድ ሳቁን አፍኖ ሻይ ሊያመጣለት ወጣ። አባቴ ስክሪኑን እያየ፣ ባለቤቷን ሲጠብቅ፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ጠበቅሁ።

ፈረቃሽ ሲለቅሽ ነይ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለማንም አልሰጥም።

የምትወድሽ፣ በጨዋታም የማትራራልሽ
ዐዋጢፍ ጣሀ
ባምባሲ