የራሞንን ጠረጴዛ ሽንት ቤት ጎን ላስቀመጡልን

ለክቡር ጋሽ ሀብተሥላሴ፣
የመንገዳችን ነጋዴዎች ማህበር ፕሬዚዳንት፣ የሙታን ቀን ፌስቲቫል አዘጋጅ፣ በተጨማሪም የእድራችን ሊቀመንበር
ኦክላንድ

ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎም፣ ስኳርዎም፣ አዲሱ መኪናዎም ሰላም እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የፌስቲቫሉ ዲጄ ገና ከጆሯችን አልወጣም እንጂ ደህና ነን። እኔ የስንታየሁ ልጅ ቤዚ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለእንግዳ ሁሉ «ትምህርቷን ያቆመችው» እያሉ የሚያስተዋውቁኝ። ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። ስኩል ስለሌለብኝ ይህን ለመጻፍ ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ።

ስራ ስለሚበዛብዎት ነገሩን ላስታውስዎ። ጎረቤታችን ዶኛ ሮሳሪዮ (ዶኛ እንደኛ እትዬ ማለት ነው) ልጃቸው ራሞን ከሞተ ወዲህ፣ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን በሚያስቡበት ቀን፣ ከቤታችን ስር ያለው ልብስ ማጠቢያ፣ ላውንደሪው በር ጥግ ላይ ጠረጴዛ ያወጣሉ። ፎቶውን፣ ብርቱካናማ አበባ፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ የሚወደውን ሶዳና የስራ ኮፍያውን ይደረድሩበታል። በእነሱ እምነት የሟች ነፍስ በዚያ ቀን ወደምታውቀው ቦታ ትመጣለች። ያቺ ጥግ ደግሞ ራሞን ትራኩን ወደቡ ላይ አቁሞ ሲመለስ ቁጭ ብሎ ቡትሱን የሚያወልቅባት ነበረች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ያቺን ጥግ ተኪላ ለሚባለው የሜክሲኮ አረቄ ድንኳን ስላከራዩልን። የሞተ ሰው ተኪላ አይገዛም፤ ይሄ ቢዝነስ የገባው ሰው አስተሳሰብ ነው። ለዶኛ ሮሳሪዮ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቶቹ ጎን ቦታ ስለፈለጉላቸው እግዜር ይስጥልን፤ ራሞን መንገዱ ቢጠፋበት እንኳ ሽታውን ተከትሎ ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ ከማውንቴን ቪው ስላመጡልን ስፖንሰር፣ የስልክ አፕ ካምፓኒ። የሞተብህን ሰው ፎቶ አፑ ላይ ስትጭን ጭንቅላቱ ላይ አበባ ይደፋለታል፣ ደረቱ ላይ የካምፓኒው ሎጎ ይወጣለታል። ሰራተኛዋ ዶኛ ሮሳሪዮን ራሞን ስንት ፎሎወር ነበረው ብላ ጠየቀቻቸው። ትራክ ነጂ ነበር እኮ፤ የሚከተለው ጥሩምባ የሚነፋ መኪና ብቻ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሱኝ። እማዬ የት ነው የምትሄጂው ስትለኝ፣ የራሞን መታሰቢያ አልኳት። እማዬ ደግሞ መታሰቢያ ሲባል የምታውቀው ተዝካር ነው። ለእትዬ ሸዋረጋ ደወለች፤ እትዬ ሸዋረጋ ለእድሩ ሴቶች በሙሉ ደወሉ። ጥቁር ለብሰው፣ ምስር ወጥና ድፎ ዳቦ ተሸክመው ጭፈራው መሀል ገቡ። እንደ ቀኑ ልማድ ፊቱን አጽም አስመስሎ የተቀባ ባዩ ቁጥር እያማተቡ፣ ሐዘንተኛዋ የት ናት እያሉ ይጠይቃሉ። ለሙታን ከመጣው ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሐዘንተኛዋን የሚያውቅ ጠፋ። መጨረሻ ላይ የሽንት ቤት ወረፋ የያዘ ልጅ በጣቱ አሳያቸው።

ከበዋቸው ተቀመጡ። እትዬ ሸዋረጋ እስፓኒሽ አይችሉም፤ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው እጃቸውን ያዙ። ዶኛ ሮሳሪዮ ቀኑን ሙሉ አንቀው የያዙትን እንባ ያኔ ለቀቁት። ሴኩሪቲዎ መጥቶ ምንድነው የምትሸጡት፣ ፐርሚት አላችሁ ወይ ሲል፣ እማዬ «የሟች ነው፣ ቁጭ ብለህ ብላ» አለችው። በላ። ወረፋ ላይ የነበሩትም በሉ። ትንሽ ቆይቶ የምስር ወጡ ሰልፍ ከተኪላው በለጠ።

እርስዎ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሴኩሪቲውን በእንግሊዝኛ፣ ስፖንሰሩ ሳያይ እነዚህን ሴቶች አንሳልኝ አሉት። ፊትዎን አጽም ተቀብተው ስለነበር እትዬ ሸዋረጋ አላወቁዎትም፤ «ይሄ ጉደኛ ሰውዬ ደሞ ማነው?» ብቻ አሉ። እኔ ግን በሳልዎ አወቅኩዎት። ያኔውኑ ስምዎን ያልጠራሁት ከአክብሮት አይደለም፤ እማዬ ፊቴ ሲቀላ አይታ አፌ ውስጥ ዳቦ ስለከተተችብኝ ነው። ሴኩሪቲው ግን ገና አልጨረስኩም ብሎዎት መብላቱን ቀጠለ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ እርስዎ ለቅሶ የቀረ ሰው የሚቀጡ ሊቀመንበር ነዎት። አምና እማዬ እዚሁ አቅራቢያ ዳብሊን ከተማ ስራ ላይ ሆና ቀብር ስትቀር ቀጥተዋታል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ብለው ቆመው ሲናገሩ እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፦ ለሚመጣው ዓመት ያቺን ጥግ ለዶኛ ሮሳሪዮ ይመልሱላቸው። የተኪላው ድንኳን ሽንት ቤቶቹ ጎን ይሁን፤ ለጠጪውም ይቀርበዋል።

ዲፕሎማ ባይኖረኝም ክብር የማልነፍግዎት፣ ከላውንደሪው በላይ ካለው መስኮት ሲወጡ ሲገቡ የማይዎት፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም የምጸልይ ታናሽዎ

የስንታየሁ ልጅ ቤዚ

ተጨማሪ፦ እትዬ ሸዋረጋ ያ የተቀባው ሰውዬ ማን እንደነበር እስካሁን ይጠይቁኛል። መነጽራቸው ስለተሰበረ ላውንደሪው በር ላይ የለጠፍኩትን ይህን ደብዳቤ ማንበብ አልቻሉም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እድሩ ሲሰበሰብ፣ መሀል ቆሜ ጮክ ብዬ ላነብላቸው ቃል ገብቻለሁ። ጥጓ ከዚያ በፊት ከተመለሰች ግን ድምፄ ሊዘጋ ይችላል፤ ጉንፋን ሳይጀምረኝ አይቀርም።