አባባ የሚንገዳገደው ወደ ግራ ብቻ ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለኤልዉድ፣

እንዴት ሰነበትክ ወንድሜ? ጤናህስ? ያ የፋብሪካ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም እየዋሸኸን ነው? ሚስትህ ግሌንዳ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደህና ነን ማለት ለምዶብን እንጂ፣ እኔ ዘንድሮ ልቤ አላረፈም። እህትህን ታውቃታለህ፤ ጥላዋንም አታምንም።

ነገሩ የአባባ ነው። የኡና መጠጥ ቤት አመል አልተለወጠም፤ ሰው ተነሥቶ ሲወጣ የተቀመጡት ለስካሩ ስም ያወጡለታል፣ በማግሥቱ ወደቡ ሁሉ በዚያው ይጠራዋል። ከፋሲካ ወዲህ ስም የሚወጣለት አባባ ብቻ ሆኗል። ሰኞ «ሸራው ተፈቷል» አሉት። ሐሙስ «እስከ አፉ ተጭኗል»። ቅዳሜ ደግሞ ያ አፈኛ ጎረቤታችን ሳይለስ በደጄ ሲያልፍ «ማርጆሪ፣ አባትሽ እኮ ትናንት እንደ ዓሣ ጨው ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር፤ አውጥተሽ አስጪው» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። አባባም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔን ያስጠረጠረኝ ይኼ ነው። እማማ በሕይወት ሳለች ሰክረሃል ያለውን ሰው ለቡጢ ይጋብዝ አልነበር?

ስለዚህ ዓይኔን ጣልኩበት። ሰካራም ወደ ሁለቱም በኩል ይንገዳገዳል፤ አባባ ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ኩባያ የሚያመልጠውም ከግራ እጁ ነው። ኮቱን ሳወልቅለት የረም አረቄ ይሸታል፤ ልስመው ጠጋ ስል ግን አፉ ሻይ ሻይ ይላል። ኡናን ሄጄ ያዝኳት። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ» አለች፣ ዓይኗ ግን መሬት መሬት ያያል። ኋላ ተናዘዘች፦ አንዲት ብርጭቆ ይዞ ይውላል፣ ግማሿን ኮቱ ላይ ያፈሳታል፣ እንዳትናገርም በእናቷ መቃብር አስምሏታል።

ማክሰኞ ጠዋት መረቡን ሲጠግን አገኘሁትና ፊት ለፊት ጠየቅኩት። የመረብ መርፌውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «የሰከረ ሰው ነገ ይበርድለታል፣ ጀልባውንም ማንም አይነካበትም። የታመመ ሰው ጀልባ ግን ይሸጣል፤ የምትሸጪው ደግሞ አንቺ ነሽ» አለኝ። ኤልዉድ፣ አለቀስኩ። እውነቱን ነው፣ እሸጠዋለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ ዓሣው አሁን ነው የሚገባው፣ ከመስከረም በኋላ አለኝ። በየማለዳው ብቻውን ባሕር ይወጣል፤ እስኪመለስ ከመስኮት አልነሣም።

የምፈራው ባሕሩን ብቻ አይደለም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቅና፣ እነ ሳይለስ አዲስ ስም እያወጡለት አልፈውት ይሄዳሉ። እባክህ ና። እኔን አይሰማም፣ አንተን ይሰማል።

ግሌንዳን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ ትንሿን ደግሞ ሁለቴ። ባለቤቴ ኸርበርት ሰላም ይልሃል። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ «ትንሽ ጠጥቶ ነው እንጂ ደህና ነው በዪው» ብሎኛል።

እህትህ ማርጆሪ
ሄሪንግ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ሐምሌ 9 ቀን 1986