ለአንድ ችግኝ የሚሆን ቦታ

ጂንካ፣ መስከረም 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የዲመካ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? አዲሱ ዓመት የጤናና የጥጋብ ይሁንልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አባትሽ ሁለት ጥርሱን ከተነቀለ ወዲህ ለስላሳ ነገር ብቻ አብስይልኝ እያለ ጎደሬ በጎደሬ አድርጎኛል። ዶሮ ሲያይ ግን ጥርሱ ተመልሶ ይበቅላል። ልጄ ኤልሳና ባሏ ሀብታሙ ሰላም ይሉሻል። ጎረቤታችን ዙህራም ከሱቋ ሆና ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ላንቺ ነው ብላት፣ ከእኔም አንድ መስመር ጨምሪልኝ አለች። መስመሯ ይኸው፣ ናፍቀሽኛል ትልሻለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ፣ የማይመችሽ ወሬ ሲመጣ፣ እማዬ ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። መቼም አውቅሻለሁ። ኤልሳ እጅ ጽሑፍሽ የዶሮ ጭረት ይመስላል፣ እኔ ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ለልጄ የሚሆን ፊደል አላጣም። ደግሞም እዚህ ውስጥ እሷ ማየት የሌለባት ነገር አለ።

እንግዲህ ከመስቀል በኋላ የምትውለዋ እሁድ ደርሳለች። ዘንድሮ መስከረም ሃያ ቀን ነው። እንደተለመደው ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ሁላችንም እዚሁ ቤት እንሰበሰባለን። ቆጮው ተዘጋጅቷል፣ ዳጣውን ትናንት ወቅጬ ዓይኔ እስካሁን ያቃጥለኛል። ዙህራም እንድትበላ ጎመኑ እንደ ወትሮው ያለ ሥጋ፣ በቅቤና በአይብ ብቻ ይሠራል። እሷ ሳምቡሳዋን ትጠብሳለች። የጎደለው ያንቺ የማሽላ ኩርኩፋ ነው። አምና እኔ ልሞክረው ብዬ ዱቄቱን ድብልብል አድርጌ ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር ቀቀልኩት። ድስቱ ውስጥ ተያይዞ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሆነ። አባትሽ ለግድግዳ ምርጊት ይሁን ብሎ አፌዘብኝ፣ ለመንገድ ውሻ ብንሰጠውም አሽትቶ ሄደ።

ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በሰማንያ አራት ዓ.ም. ነው። አማቴ በሩ ላይ አስቁማ ያስያዘችኝ አበባ ሳይሆን ዶማ ነበር። ማዕዳችን ላይ የሚቀመጥ ሰው በመጀመሪያ አፈራችንን በእጁ ይንካ አለችኝ። በሙሽራ ልብሴ ቆፍሬ ያንን ቀይ ጽጌረዳ አጥሩ ሥር ተከልኩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የተወለደም በጋብቻ የመጣም አጥሩ ሥር አንዳንድ አበባ አለው። ልጄ አብነቴ ቢጫውን የተከለ ጊዜ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ከአበባው ይልቅ ራሱን ነበር ጭቃ ውስጥ የተከለው።

የሀብታሙን ጉድ ግን አታውቂም። ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቅለት ነጭ ጽጌረዳ እኮ የእሱ አይደለም። የእሱማ በተተከለ በወሩ ደረቀ። በማለዳ ተነስቼ ሌላ ተከልኩለት። እሱም ደረቀ፣ ደግሜ ተከልኩ። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጎተተ ይወስድና፣ እጄ የተባረከ ነው፣ እኔ የነካሁት ሁሉ ይጸድቃል ይላል። ኤልሳ ይህን ካነበበች ሲጣሉ ታወጣዋለችና አደራሽን።

አንቺ የአብነት ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ደግሞ ሁላችንም ጽጌረዳ ስንጠብቅ፣ ግንዱ ያበጠ፣ ቅጠል የሌለው የቆላ ተክል በተቆረጠ ጄሪካን ይዘሽ ከሚኒባስ ወረድሽ። የአባትሽ እህት የሺመቤት፣ ይሄ ደግሞ አበባ ነው ወይስ ጎደሬ ብላ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አብነት ብቻ አልሳቀም። ዶማውን ተቀብሎሽ ከራሱ ቢጫ አበባ አጠገብ ቆፈረልሽ። ሲያብብ ታያላችሁ ብለሽን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እንቡጥ አላየንም።

አብነት ካረፈ በኋላ፣ አንቺም ሥራ አግኝቻለሁ ብለሽ ወደ ትውልድ አገርሽ ዲመካ ስትሄጂ፣ ያንን ተክል ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት ጀመርኩ። ፍግ አደረግሁለት፣ አመድ ነሰነስኩለት። ቢደርቅብኝ ሌላ ሞት ቤቴ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ከሥሩ እየረጠበ ይበልጥ ሟሸሸ። አባትሽ፣ አንቺ ሴትዮ፣ የቆላ ነገር በውኃ ብዛት ይታፈናል፣ ተይው ቢለኝም አልሰማሁትም። ላንቺም እንደዚያው አደረግሁ መሰለኝ። በየቅዳሜው በሾፌሩ በደበሌ ሚኒባስ ቆጮ፣ አቮካዶ፣ ዳጣ እልክልሻለሁ፣ ከላዩ ደግሞ መቼ ነው የምትመጪው የሚል ብጣሽ ወረቀት። ዕቃዬን ማር ሞልተሽ ትመልሺልኛለሽ፣ አንድም ቀን ባዶውን ልከሽው አታውቂም። ራስሽ ግን አልመጣሽም። አንዱን ዓመት ተረኛ ነኝ አልሽ፣ ሌላውን ሥልጠና አለብኝ፣ አምና መንገዱ ተበላሽቷል። የሺመቤት፣ ማዕዱ ላይ፣ የልጃችን ሚስት የት ቀረች ባለች ቁጥር እኔ ነኝ መልስ የምሰጥላት። ሦስት ዓመት ባንቺ ፋንታ ዋሽቻለሁ፤ ያውም ጸሎቱ ተደርጎ አሜን ከተባለ በኋላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዲመካ መጥቼ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ለአባትሽ ቀይ አፈር ከተማ ያለ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ወጣሁ። ተናድጄብሽ ነበር ልጄ። ምን በደልናት፣ እጇን ይዤ እጠይቃታለሁ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስጣላሽ ነው የደረስኩት። ጎመን በአይቡን በድስት አድርጌ በነጠላ አስሬ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ገበያ ቀን ስለነበር በፍየሉና በሰዉ መካከል ተጋፍቼ አለፍኩ፣ አንዲት ሴት ቤትሽን አሳየችኝ። አጥሩ ጋ ደርሼ ልጣራ አፌን ስከፍት ሳቅሽን ሰማሁ።

ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ታፍኚውና ታፍኚውና እምቢ ሲልሽ እንደ ሕፃን የምትንተከተኪው ነው። አብነት ካረፈ ወዲህ አልሰማሁትም። በሰው አጥር ማጮለቅ ነውር ነው፣ ይቅር በይኝ፣ ግን አጮለቅሁ። አንቺ ድስቱን ታማስያለሽ። አንድ ሰው ዱካ ላይ ተቀምጦ ሽፈራው ይሸመጥጣል። ቅጠሉንም ዘንጉንም አንድ ላይ ሳህኑ ውስጥ ይከታል፣ አንቺ በማማሰያው እያስፈራራሽው ዘንጉን ታስለቅሚዋለሽ። እሱም ይስቃል። በኋላ ድስቱን ልታወርጂ ስትይ ተሽቀዳድሞ ተነሳና በጨርቅ ይዞ አወረደው። ሲቀመጥም መጀመሪያ ያወጣው ላንቺ ነው።

ልዋሽሽ አልፈልግም። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ልጄ ዛሬ እንደገና የሞተ መሰለኝ፣ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ደግመሽ ሳቅሽ። ይህች ልጅ አልጠላችንም፣ እኛን አፍራ ነው የቀረችው የሚለው ነገር ያኔ ገባኝ። ድስቴን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ደበሌ ገና ተሳፋሪ ይሞላል። ማዘር፣ ሳያገኟት ነው የሚመለሱት አለኝ። የለችም አልኩት። እሱ ግን ሞኝ አይደለም፣ ቀይ አፈር እስክንደርስ ስለ አንድ ጸጋአብ ስለሚባል የከብት ሐኪም አወራኝ። ሰው አክባሪ ነው፣ አይጠጣም፣ የሐመር ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይወዱታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት እሺ እንድትለው ይለምናል፣ እሷ ግን ጂንካ ያሉትን ሰዎች ምን ብዬ ፊታቸውን አያለሁ ትለዋለች አለኝ። ዝም ብለህ መንገድህን እይ አልኩት። ጆሮ ግን ክዳን የለው፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ቀይ አፈር ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ዛፍ ሥር ተቀመጥንና፣ ይህ ምግብ ከሚበላሽ ብዬ ድስቱን ፈታሁት። አንድ የበና ሽማግሌ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ጨው ነጋዴ ከበን በላን። ሽማግሌው የማን ድግስ ነው ብለው ጠየቁኝ። የልጄ ነው አልኩ። ምን አገኘች፣ ተዳረች ወይስ ወለደች አሉኝ። ሳቀች አልኳቸው። ተያዩ፤ ግን ድስቱን ጠራርገው ነው የበሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አጥሩ ለመሄድ ልቤ እምቢ አለኝ፣ ተክልሽን ውኃ ማጠጣት ተውኩ። የነሐሴ ዝናብም ሰነፍ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዙህራ ከሱቋ ጮኻ ጠራችኝ። ወጥቼ ሳይ ያ ደረቅ ግንድ አንድ ቅጠል ሳይኖረው አምስት አበባ አውጥቷል፣ ጽጌረዳ መልክ ያለው፣ ጠርዙ ደመቅ ያለ። የሺመቤት እንኳ መጥታ አየችውና ጎደሬ ያልኩትን አንስቻለሁ አለች። አባትሽ ደግሞ ተይው አላልኩሽም ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲኩራራ ዋለ። ይህን የምነግርሽ ስለ አበባው ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ማዕድ ላይ ማን ምን ይላል ብለሽ እንዳትጨነቂ። የሺመቤትን ቤቷ ድረስ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ። ዓይኗን ጠርጋ ያለችኝ፣ ታዲያ አንድ ዶሮ ይበቃናል እንዴ ነው። አባትሽን ግን ፈርቼው ነበር። ማታ ራት ላይ ነገርኩት፣ ጎደሬውን ልጦ ሳይጎርሰው እጁ ላይ ቀዘቀዘ፣ ትቶት ተነስቶ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት የዶማ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ይቆፍራል። የአብነት ቢጫ አበባ ከተክልሽ በስተቀኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እሱን አልነካውም፣ ዙሪያውን እንዲያውም አርሞለታል። የቆፈረው ካንቺ በስተግራ ነው። ዙህራ ይሄ ለማን ነው ብላ ብትጠይቀው፣ ለሚመጣ ሰው አላት። አፈሩን አለስልሶ፣ ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ከድኖበታል።

እና ልጄ፣ እሁድ ኑ። ሽፈራው ስታመጪ ተሸምጥጦ፣ ዘንጉም ተለቅሞ ይሁን፤ ማን እንደሚለቅመው አንቺ ታውቂያለሽ። ኩርኩፋውን እዚህ ትሠሪዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ እማራለሁ። አንድ ችግኝም ያዙ። ያንቺስ አብቧል። የፈለገውን ዓይነት ይምረጥ፣ ጽጌረዳ ካልሆነ የሚል የለም። በፌስታል አትጠቅልሉት፣ ሥሩ ይታፈናል፣ በጄሪካን ይሁን። ውኃ ማጠጣት ረስቶ ቢደርቅበትም አይደንግጥ፣ በማለዳ የምትነሳ ሴት በዚህ ቤት አለች።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ሳቅሽን አይውሰድብሽ። እጅሽ ከድስት፣ ቤትሽ ከሰው አይጉደል።

አማት የሚባለው የባል እናት ነው። እስከ ዛሬ ያ ስም የእኔ ነበር፣ ደግሞም አልከፋኝም። አሁን የከብት ሐኪሙን ለወለደች ሴት ለቅቄያለሁ፣ በደህና ትያዘው። ከእንግዲህ በሌላው ስሜ ነው የምፈርምልሽ።

እናትሽ